ካባ ነበር ወይስ ጎርፍ የቦረቦረው? የተተዉ የድንጋይና የአፈር ማውጫዎችን ከገጠር መልክዓ ምድር ለይቶ ማወቂያ

በኮረብታ ጎን ወይም በእርሻ መሃል ድንገት የሚያጋጥም ጎድጓዳ ስፍራ ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ጎርፍ ቦርቡሮት፣ መሬቱ ከሥሩ ሰምጦ፣ ተዳፋቱ ተንሸራትቶ፣ ወይም ሰው ድንጋይ፣ ኖራ፣ ሸክላ ወይም ጠጠር አውጥቶበት ሊሆን ይችላል። ሥራው ከቆመ ጥቂት አሥርት ዓመታት ካለፉ በኋላ ሁሉም ሣርና ቁጥቋጦ ለብሰው አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱን ማወቅ የታሪክ ወዳጆች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቤት ሊሠራ ቦታ የሚመርጥ፣ የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር፣ ከብት የሚያሰማራ ሁሉ ከእግሩ ሥር ያለው መሬት የተነካ ይሁን ያልተነካ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። በቆሻሻና በልቅ አፈር በተሞላ አሮጌ ካባ ላይ የቆመ ግድግዳ መሠረቱ እየሰረገ ሊሰነጠቅ ይችላል።

በእኔ እምነት የመለየቱ ሥራ በአንድ ጥያቄ ላይ ይቆማል፤ ከዚህ ጉድጓድ የወጣው ነገር የት ገባ? ሰው ካባ የሚከፍተው ያወጣውን ይዞ ለመሄድ ነው። ስለዚህ ካባ የጎደለ ነገር ያለበት፣ የጎደለው ነገር የወጣበት በርም ያለው ጉድጓድ ነው። ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር ሁሉ ጉድለቱንና በሩን መፈለጊያ ነው።

ከመግባት በፊት

ባለይዞታውን ያስፈቅዱ፤ ብቻዎን አይሂዱ። የካባ አፋፍ ከላይ ሲያዩት ጽኑ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሥሩ ያለው ድንጋይ ወይም ጠጠር ተንዶ፣ የላዩን ሣር የያዘው የቁጥቋጦ ሥር ብቻ ነው። ስለዚህ ከአፋፉ ላይ ወደ ታች ለማየት አይጠጉ፤ ከተፈለጠው ግድግዳ ሥርም አይቀመጡ። ውኃ የያዘ ካባ ደግሞ ከኩሬ ይለያል። ዳሩ ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ ግድግዳው ከውኃው በታችም ገደል ሆኖ ይወርዳል፤ ጥልቁ ውኃም በጣም ይቀዘቅዛል፤ ዋናተኛንም ሊያሰጥም ይችላል። በድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ የቀረ ሽቦ ወይም ያልታወቀ ነገር ካዩ አይንኩ፤ የቀረ ድማሚት ሊሆን ስለሚችል ለፖሊስ ያሳውቁ። ጠባብ ሆኖ ወደ ታች የሚወርድ ጉድጓድ ካገኙ አየሩ ሊገድል ይችላል፤ አይግቡበት።

አንደኛ፦ ቤት ሆነው ካርታና ምስል ያንብቡ

የቆዩ የመሬት አቀማመጥ ካርታዎች ካባን አንዳንድ ጊዜ በምልክት ያሳያሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ጨርሰው ይዘሉታል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የከፍታ መስመሮቹ በየ20 ሜትር የተሰመሩ ከሆነ 6 ሜትር የሚጠልቅ ካባ አንድም መስመር ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ካርታ ላይ አለመኖሩ መሬት ላይ አለመኖሩን አያሳይም። ይልቅስ በካርታው ላይ ያሉትን ግራ የሚያጋቡ ነገሮች ይከታተሉ፦ ወደ ኮረብታ ጎን ሄዶ ቤትም መንደርም ሳይደርስ የሚያልቅ መንገድ፣ ቀጥ ብሎ ሲመጣ ቆይቶ ያለምክንያት ዞሮ የሚያልፍ የማሳ ድንበር፣ በታረሰ ሜዳ መሃል ብቻውን የቀረ የቁጥቋጦ ስፍራ። ገበሬ መሬቱን በከንቱ አይተወውም፤ ያላረሰው ማረሻ ስለማይገባበት ነው።

በሳተላይት ምስል ሲሠሩ የምስሉን አቅም አስቀድመው ይወቁ። ሴንቲነል 2 የተባለችው ሳተላይት ምስል አንዱ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር ነው፤ 30 ሜትር የሚሰፋ ካባ በዚያ ላይ ሦስት ነጥብ ብቻ ነው። በየካቲት 2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከመንኮራኩር በራዳር የተሰበሰበውና ብዙዎች የሚጠቀሙበት የዓለም ከፍታ መረጃም አንዱ ነጥቡ 30 ሜትር ገደማ ስለሆነ ትናንሽ ካባዎችን ይውጣቸዋል። የሚያዋጣው በጉግል ኧርዝ የሚገኘው ጥራት ያለው ምስል ነው፤ በተለይ የድሮ ምስሎችን በየዓመቱ እያገላበጡ ማየት። ከዚያ በፊት ለነበረው ጊዜ ኮሮና የተባሉት የአሜሪካ የስለላ ሳተላይቶች ከ1960 እስከ 1972 ያነሷቸው ፎቶግራፎች አሉ፤ በ1995 ለሕዝብ የተለቀቁ ሲሆን ከመጨረሻዎቹ መካከል ምርጦቹ 2 ሜትር ገደማ የሆነን ነገር ያሳያሉ። ዛሬ ዛፍ የዋጠውን ጉድጓድ ያን ጊዜ ነጭ ቁስል ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። የላይዳር (ከአየር ላይ በሌዘር ጨረር የመሬትን ከፍታ የሚለካ ዘዴ) መረጃ የተሠራለት አካባቢ ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ነዎት፤ ደኑን ገልጦ መሬቱን ያሳያል።

አንድ ወጥመድ አለ። ጥላው ወደ ምስሉ ላይኛ ጠርዝ የሚወድቅበት ምስል ሲታይ ዓይናችን ይታለልና ጉድጓዱ ጉብታ፣ ጉብታው ጉድጓድ ይሆንብናል። ምስሉን አዙረው ጥላው ወደ ታች እንዲወድቅ ሲያደርጉ ይስተካከላል። ጠዋት ወይም ወደ ማታ የተነሱ ምስሎች ከቀትሩ ይሻላሉ፤ ረጅም ጥላ አንድ ሜትር የማትሞላውን ጉድፍ እንኳ ታወጣለች።

ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ የታረሰ ካባም ከላይ ሊታይ ይችላል። የተሞላው አፈር ጥልቀት ስላለው እርጥበት ይይዛል፤ ዝናብ ባጠረበት ወቅት በዙሪያው ያለው ሰብል ሲጠወልግ በእሱ ላይ ያለው አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ የደረቅ ወቅትን ምስል ይምረጡ።

ሁለተኛ፦ ከሩቅ ቅርጹን ይዩ

ቦታው ላይ ሲደርሱ ወዲያው አይግቡ። ከፊት ለፊት ካለ ከፍታ ላይ ቆመው ይመልከቱ። በኮረብታ ጎን የተከፈተ ካባ ግማሽ ጨረቃ ይመስላል፤ ከኋላ ቀጥ ያለ ግድግዳ፣ መሃሉ ለጥ ያለ ወለል፣ ከፊት ደግሞ ወደ ቁልቁለቱ የተደፋ የአፈርና የስብርባሪ ክምር። በሜዳ ላይ የተቆፈረ ከሆነ ሦስቱ ወገን ገደላማ ሆኖ አራተኛው ቀስ እያለ የሚወጣ ይሆናል። ያ አራተኛ ወገን በሩ ነው። ጭነት የያዘ ሰው፣ እንስሳ ወይም ጋሪ የሚወጣው በዚያ ነውና። በሩን ካገኙ ይከተሉት፤ ከጎንና ጎኑ ዝቅ ያለ፣ በጋሪ ጎማ ወይም በእግር ብዛት የሰረጎደ የመንገድ አሻራ ብዙ ጊዜ ከጉድጓዱ ይልቅ ርቆ ይታያል።

ሦስተኛ፦ ሒሳቡን ይሥሩ

ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህን ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም አስቀድመዋለሁ። ሜትርና ወረቀት ይበቃል።

ጉድጓዱ 24 ሜትር ይረዝማል፣ 15 ሜትር ይሰፋል፣ 4 ሜትር ይጠልቃል እንበል። ተባዝቶ 1,440 ሜትር ኩብ ይመጣል። ግድግዳዎቹ ሁሉ ቀጥ ያሉ ስላልሆኑ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ይውሰዱ፤ 960 ሜትር ኩብ። አሁን ወደ ክምሩ ይሂዱ። ርዝመቱ 12፣ ስፋቱ 6፣ ከፍታው 1.5 ሜትር ቢሆን፣ ጫፉ ስለሚሾል ግማሹን ቢወስዱ 54 ሜትር ኩብ ነው። እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። አለት ሲሰበር በየመሃሉ ክፍተት ስለሚፈጠር ቦታው ይሰፋል፤ አንድ ሜትር ኩብ ጽኑ አለት ሲፈለጥና ሲከመር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ኩብ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ 54ቱ በመሬት ውስጥ ሳለ 36 ገደማ ነበር። ከ900 ሜትር ኩብ በላይ የለም ማለት ነው። ድንጋዩ ባዛልት ከሆነ፣ ሜትር ኩቡ 2.8 ቶን ገደማ ስለሚመዝን፣ ከ2,500 ቶን በላይ ድንጋይ ከዚህ ስፍራ ወጥቷል። ይህን ያህል ጭነት በድሮ ማጓጓዣ ሩቅ አይሄድም። በአካባቢው ያለውን አሮጌ ግድግዳ፣ ድልድይ፣ የእምነት ቤት፣ የመንገድ መሠረት ይመልከቱና የድንጋዩን ቀለምና ቅንጣት ከካባው ጋር ያመሳክሩ። ከተመሳሰለ የጎደለው ተገኘ።

ሒሳቡ ግምት ነው፤ ነገር ግን ስህተቱ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ወለሉ በደለል ስለሚሞላ እውነተኛው ጥልቀት ከለኩት ይበልጣል፤ ይህ ጉድለቱን ያሳድገዋል እንጂ አያጠፋውም። ክምሩን ሲፈልጉ ውጭውን ብቻ አይዩ። ካባ ፈላጮች ወደ ፊት እየቆረጡ ሲሄዱ የማይፈለገውን ስብርባሪ ከኋላቸው በጨረሱት ወለል ላይ ይጥሉታል። በውስጡ ተራ በተራ የተጋደሙ ጉብታዎች ያሉበት ጉድጓድ ካገኙ ሠራተኞቹ ከየት ጀምረው ወዴት እንደሄዱ ማንበብ ይችላሉ።

ክምሩ፣ በመሰበሩ የሰፋው ተቀንሶለት እንኳ፣ ከጉድጓዱ በልጦ ከተገኘስ? ያን ጊዜ ይጠንቀቁ። የተከመረው ከሚታየው ጉድጓድ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ከሥር ዋሻ ወይም የተዘጋ የጉድጓድ አፍ ሊኖር ይችላል። በተለይ ክብ የአፈር ቀለበት መሃሉ ሰርጎዶ፣ እንደዚያ ያሉ ብዙዎች በአንድ መስክ ተበትነው ከታዩ፣ አፋቸው ጠባብ ሆኖ ከታች የሚሰፉ የድሮ ጉድጓዶች ሊሆኑ ይችላሉ። በላያቸው አይራመዱ።

አራተኛ፦ ግድግዳውን ያንብቡ

ተፈጥሯዊ ገደል ሾጣጣ ጠርዙ ተሟሽሿል፤ ስንጥቆቹም ውኃ ባመጣው የዝገት ቀለም ተለብጠዋል። የተፈለጠ ግድግዳ ጠርዙ ይቆርጣል፤ ደረጃ ደረጃ ይሠራል፤ ቀለሙም ከጎኑ ካለው ካልተነካ አለት ይፈዛል ወይም ይደምቃል። የድንጋይ ሽበቱንም (በአለት ላይ ቀስ ብሎ የሚያድገውን፣ ሊከን የሚባለውን ልባስ) ያወዳድሩ። በላይኛው አሮጌ ገጽ ላይ ሰፋፊ ክብ ሽበት ኖሮ፣ ከታች ካለው ገጽ ላይ ትንንሽና ስስ ብቻ ካለ፣ በሁለቱ መካከል ያለው መስመር ሥራው የቆመበት ነው።

ከዚያ ጠጋ ብለው፣ ነገር ግን ከተንጠለጠለ ድንጋይ ርቀው፣ የመሣሪያ ምልክት ይፈልጉ። በተርታ የተደረደሩ አራት ማዕዘን ስርጉዶች የሽብልቅ ቦታዎች ናቸው። ፈላጩ በመሮ ተርታውን ይቆፍርና በየስርጉዱ ሽብልቅ እየመታ ድንጋዩን በመስመሩ ያስነጥቀዋል። የተፈለጠው ብሎክ ሲሄድ የስርጉዱ ግማሽ በግድግዳው ላይ ይቀራል፤ እንደ ጥርስ የተደረደሩ ግማሽ ቀዳዳዎች ሆነው የሚታዩት እነዚያ ናቸው። ከአክሱም በስተምዕራብ በጎቦ ድራ ኮረብታ ሐውልቶቹ በተፈለጡበት ስፍራ እንዲህ ያለው ተርታ እስከ ዛሬ ይታያል። ብረት ሳይበረታ የተሠራ ሥራ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በግብፅ አስዋን ተጀምሮ በስንጥቅ ምክንያት የተተወው፣ 42 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሐውልት በዙሪያው ያለው ቦይ በጽኑ ድንጋይ እየተቀጠቀጠ ስለተፈለፈለ ግድግዳው በጎን በጎን በተደረደሩ ጎድጓዳ አሻራዎች የተሞላ ነው።

ረጅምና ቀጥ ያለ፣ እንደ ቱቦ ግማሽ የሆነ ቦይ ከላይ ወደ ታች በግድግዳው ላይ ከወረደ የፍንዳታ ቀዳዳ ነው። ባሩድ ለአለት ሥራ መዋሉ በመዝገብ የታወቀው በ1627 ዛሬ ስሎቫኪያ በምትባለው አገር ነው፤ አልፍሬድ ኖቤል ድማሚትን በባለቤትነት ያስመዘገበው በ1867 ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቦይ ያለበት ግድግዳ ባሩድ ለአለት ሥራ ከዋለ ወዲህ ተሠርቷል። ጠባብ ሆኖ ክቡ ትንሽ የተዛባ ቀዳዳ በእጅ መሰርሰሪያ የተበሳ ሳይሆን አይቀርም፤ ሰፊና ፍጹም ክብ የሆነው የማሽን ነው።

ምልክት አለመኖሩ ግን ካባ አለመሆኑን አያረጋግጥም። ብዙ ባዛልት በተፈጥሮው ዓምድ ዓምድ ሆኖ የተሰነጠቀ ስለሆነ ሠራተኛው ድጅኖ ሰክቶ ፈንቅሎ ያወጣዋል እንጂ አይፈልጠውም። እንደዚህ ባለ ቦታ ወለሉን ይመልከቱ። ጠርዛቸው ስለታም የሆኑ፣ ውኃ ያላንከባለላቸው ፍንካቾች በአንድ ስፍራ ተከማችተው ካገኙ ጠራቢ የተቀመጠበት ነው። ከሁሉ የሚያስደስተው ግኝት ያላለቀ ሥራ ነው፤ ግማሹ ተጠርቦ መሃሉን የተሰነጠቀ ወፍጮ ወይም ጥርብ ድንጋይ። የጨረሱትን ይዘው ይሄዳሉ፤ የተበላሸውን ይተዋሉ። በወፍጮ ድንጋይ ማውጫ አለቱ ራሱ ክብ ክብ ጎድጓዳ ሆኖ ይቀራል፤ ይህን ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

አምስተኛ፦ ግድግዳ የሌላቸው ማውጫዎች

ሸክላ፣ አሸዋ፣ ጠጠር ወይም ገረጋንቲ የወጣበት ጉድጓድ ቀጥ ያለ ገጹን አያቆይም። ጠጠርና አሸዋ እየተናዱ 35 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይረጋሉ፤ ሸክላ ከዚያም በታች ይተኛል። የሸክላ ማውጫ ብዙውን ጊዜ ሰፊና ዝቅተኛ ሆኖ ውኃ ይይዛል፤ በአቅራቢያው የተቃጠለ ቀይ አፈር፣ ጥላሸትና የተጣመመ ጡብ ካለ የተተኮሰበት ምድጃ እዚያ ነበር። የኖራ ማውጫም እንዲሁ ከማቃጠያ ምድጃው አይርቅም፤ ነጭ ቅሪትና በሙቀት ቀለሙ የተለወጠ ድንጋይ ይፈልጉ። በእንግሊዝ ቼሺር ውስጥ ዛሬ ኩሬ የሆኑት ብዙዎቹ ጉድጓዶች ገበሬዎች ለማሳ ማዳበሪያ ኖራ ያለበት ሸክላ ያወጡባቸው ናቸው፤ አንዱ ጎናቸው ለጋሪ ሲባል አሁንም ያዘቀዝቃል። ከመንገድ ጋር ጎን ለጎን የተኛ ረዘም ያለ ዝቅታ ደግሞ ለመንገዱ መሙያ የተወሰደበት ነው፤ ከመንገዱ ከፍታ ጋር ሲያመዛዝኑት ሒሳቡ ብዙ ጊዜ ይገጥማል።

ስድስተኛ፦ አስመሳዮቹን ያጣሩ

በጣም የሚያሳስተው በኖራ ድንጋይ አገር በመሬት መስመጥ የሚፈጠረው ጉድጓድ ነው። ከሒሳቡ ፈተና ያልፋል፤ አለቱ በውኃ ሟሙቶ ወይም ከሥር ወዳለ ዋሻ ወርዶ ስለጠፋ ክምር የለውም። የሚወድቀው በበሩ ፈተና ነው። ዙሪያውን እኩል የሚያዘቀዝቅ፣ ጭነት የሚወጣበት ወገን የሌለው፣ ብዙ ጊዜም ከሌሎች መሰሎቹ ጋር በመስመር የተደረደረ ነው።

ቦረቦር ወለሉ ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ ያዘቀዝቃል፤ ከታች ደግሞ ውኃ የተፋው ደለል ተዘርግቷል። ተንሸራትቶ የወረደ መሬት ከቁስሉ በታች ጎርበጥባጣ ምላስ ይዘረጋል፤ ዛፎቹም ያጋደሉ ናቸው፤ ሒሳቡም ይገጥማል። ኩሬ ሊሆን የተቆፈረ ጉድጓድ ያወጣውን አፈር በታችኛው ዳር ግድብ አድርጎታል። የቦምብ ጉድጓድ ክብ ሲሆን አፈሩን ዙሪያውን በቀለበት ይረጨዋል። ዛፍ ሲነቀል የሚተወው ደግሞ ትንሽ ነው፤ ከጎኑ ሥሩ ያነሳው ጉብታ አለ።

ሰባተኛ፦ ዕድሜው

ትክክለኛ ዓመት ማግኘት ብርቅ ነው፤ «ከዚህ በፊት አይደለም» ወይም «ከዚህ በኋላ አይደለም» ማለት ግን ብዙ ጊዜ ይቻላል። በወለሉ ላይ የበቀለ ትልቅ ዛፍ ሥራው ከእሱ በፊት መቆሙን ይናገራል። አሮጌ የማሳ ካብ በካባው አፋፍ ላይ ተቆርጦ ከቀረ ካባው ከካቡ ይታናሻል፤ ካቡ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ወለሉን አቋርጦ ከወጣ ካባው ይበልጣል። በሽበት ስፋት ዕድሜ መገመትን ሮላንድ ቤሸል በ1950 ሳይንሳዊ ዘዴ አድርጎ አቅርቦታል፤ ሆኖም እድገቱ በየአካባቢው ስለሚለያይ ዕድሜው ከታወቀ የድንጋይ ግድግዳ ወይም የመቃብር ድንጋይ ጋር ሳያወዳድሩ ቁጥር አይስጡ። የተጣለ ቆሻሻም ይረዳል፤ ከሥር ያለው ጠርሙስና ቆርቆሮ ከላይ ካለው ፕላስቲክ ይቀድማል። ስለጥንታዊነት መቸኮል ይህን ሥራ ከሚያበላሹት ልማዶች ዋነኛው ነው። በእጅ መሣሪያ የተሠራ ሁሉ የጥንት አይደለም፤ ሽብልቅና መዶሻ ዛሬም ይሠራሉ።

ስምንተኛ፦ ይጠይቁ፣ ይመዝግቡ

የአካባቢውን አረጋውያን መጠየቅ ከሁሉም መሣሪያ ይበልጣል፤ አጠያየቁ ግን ይወስናል። «እዚህ ካባ ነበር?» ብለው ከጠየቁ ጨዋ ሰው እንዳያሳፍርዎ «አዎ» ሊል ይችላል። ይልቅስ «የዚያ ግድግዳ ድንጋይ ከየት መጣ?» ወይም «ይህ መንገድ ድሮ ማን ይሄድበት ነበር?» ብለው ጉድጓዱን ሳይጠቅሱ ይጀምሩ። መልሱ ራሱ ወደ ጉድጓዱ ከወሰደዎት ዋጋው እጥፍ ነው። ድንጋይ፣ ኖራ ወይም ሸክላ የሚጠሩ የቦታ ስሞችም ካሉ ይያዙ፤ ነገር ግን ለብቻቸው አይበቁም።

ሲመዘግቡ የጂፒኤስ ነጥቡን በበሩ ላይ ይውሰዱ፤ መሃሉ ውኃ ወይም ገደል ሊሆን ይችላል። የለኩትን ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት፣ የክምሩን መጠን፣ የበሩን አቅጣጫና የምልክቶቹን ፎቶግራፍ ከሜትር ጋር ያስቀምጡ። ካዩት ጎን ግምትዎን ለይተው ይጻፉ፦ «የሽብልቅ ተርታ አየሁ» አንድ ነገር ነው፤ «ካባ ይመስለኛል» ሌላ ነው። ከሚከተሉት ሦስቱ ከተገናኙ፣ ማለትም ጉድለት፣ በር እና የመሣሪያ ምልክት ወይም ፍንካች፣ «እርግጠኛ» ብለው ይመድቡት። ሁለቱ ብቻ ካሉ «ሊሆን የሚችል» ይበሉት፤ አንድ ብቻ ከሆነ በሌላ ወቅት፣ ሣሩ ሲደርቅ፣ ተመልሰው ይዩት። አፋፉ ወደ መንገድ ወይም ወደ ትምህርት ቤት መሄጃ የቀረበ፣ ወይም ክምሩ ከጉድጓዱ የበለጠ ሆኖ ካገኙት፣ መዝገቡን በእጅዎ አያቆዩ፤ ለባለይዞታውና ለአካባቢው አስተዳደር በዚያው ቀን ያሳውቁ።